የፖሊክሴኒ ወገብ ሲለካ

ደስ ይበላችሁ፤ አትሄድም። ቤቱ አልተሸጠም፣ ከጓሮ ያሉት የፖም ዛፎች ጌታቸውን አልቀየሩም፣ ሻንጣውም ወደ ቁም ሣጥኑ ራስ ተመልሷል። ነገሩ የተቆረጠው ትናንት እሁድ ከቀትር በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ አፍን መግጠም ደግሞ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል።

የማን እንደሆነ እንኳ ሳልነግራችሁ ተንደረደርኩ። የፖሊክሴኒ ነዋ።

ፖሊክሴኒን የሚያውቃት ሰው ከፊቷ ይልቅ ጀርባዋን ያውቀዋል። በግሪክ አገር፣ በኪሳቮስ ተራራ ሥር ባለችው ከተማችን፣ ከላይኛው ሰፈር ወደ ገበያ የሚወርድ ሁሉ በአጥሯ ጥግ ያልፋል፤ ሲያልፍም ከፖሞቹ ሥር ጥቁር ቀሚስ የለበሰ፣ ወደ ሰማይ የተቀሰረ አንድ ነገር ያያል። እሷ ናት። አረም ስትነቅል ጉልበቷን አታጥፍም። እግሮቿ እንደ ምሰሶ ቀጥ እንዳሉ ከወገቧ ላይ እንደ ሰንጢ እጥፍ ትላለች፤ እንደታጠፈችም ከአላፊ አግዳሚው ጋር ወሬዋን ትይዛለች። «እንዴት ዋልሽ ፖሊክሴኒ?» ሲሏት በእግሮቿ መሀል አጮልቃ ማን እንደሆነ ታይና፣ «ተዉኝ እባካችሁ፣ ወገቤ ገደለኝ» ትላለች። ይህን የምትለው ግንባሯ መሬት ሊነካ ስንዝር ሲቀረው ነው።

ስልሳን ከተሻገረች ቆየች። ልጅ ሳለች ከአባቷ ጋር ትምባሆ ትተክል ነበር፤ ትምባሆ ደግሞ ቀና ብሎ የሚተከል ነገር አይደለም። ባሏ ቫዮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት እዚያ ማሳ ላይ ነው፤ «ፊቷን ሳላይ ነው ያገባኋት» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። እሱ ካረፈ በኋላ ዛፎቹን ብቻዋን ይዛ ቀረች። በመከር ወራት የራሷን ፖም ለቅማ ስትጨርስ ወደ ፖም ማሸጊያው ትወርዳለች፤ እዚያም ከሴቶቹ ጋር ስትስቅና ሣጥን ስታነሳ ትውላለች። ይኸው ነው ኑሮዋ፤ ሌላ እንዲኖራት ፈልጋም አታውቅ።

ታዲያ ወገቧን ያማታል? እንዴት ተደርጎ።

በእኛ ከተማ ግን «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ» ብሎ የሚመልስ ሰው የለም። ደህና ነኝ ማለት የሰውን ዓይን «ና ብላኝ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ስለዚህ ሁሉም የየራሱ መመለሻ አለው፤ ዳቦ ጋጋሪው ሆዱን ይላል፣ ካህኑ እንኳ በትሕትና ትከሻቸውን ይላሉ። የፖሊክሴኒ መመለሻ ወገብ ነው። እሷ ደግሞ ከሌላው ሰው የበለጠ ምክንያት አላት። እናቷ አንድ የፋሲካ ማግስት በሰው መሀል ብርጭቆ አንስታ «ዘንድሮስ እንደ ልጃገረድ ነኝ» አለች፤ ወይኑ ሳይበስል ቀበሯት። ከዚያ ወዲህ ፖሊክሴኒ አፏን በወገቧ ዘጋችው።

ጣጣው የመጣው በልጇ በኩል ነው። ስቴርዮስ አንድ ልጇ ነው፤ ላሪሳ ከተማ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ሚስት አላገባም፣ የተጋባው ከወንበሩ ጋር ነው። በየምሽቱ ይደውላል።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ተወኝ ልጄ፣ ወገቤ።»

ይህ እንግዲህ ዓመታት አስቆጥሯል። እሷ ስልኩን ዘግታ ሽንኩርቷን መክተፍ ትቀጥላለች። እሱ ግን ቃሉን ይዞ ይቀመጣል፤ ጥሩ ልጅ ነውና ይብሰለሰላል። በነሐሴ፣ በእመቤታችን በዓል ጊዜ፣ በረንዳው በእንግዳ ሞልቶ ሳለ ነገሩን አወጣው።

«በቃሽ እማዬ። ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት አለው፣ በረንዳው ላይ በሶብላ ትተክያለሽ። ለቤቱም ለጓሮውም ገዢ አግኝቻለሁ፤ ፖሙ ሳይለቀም በመስከረም ይመጣል።»

«ምንም አልሆንኩም እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ሸክም እንዳልሆንበት ብለሽ ነው።»

«ኧረ እኔ ወገቤ ደህ…» ብላ ቃሉን ቆረጠችው። ዙሪያዋን አየች። ጎረቤቱ ሁሉ ሹካውን ይዞ ያዳምጣል። «…እንደ ሁልጊዜው ነው» ብላ ጨረሰችው።

«ይኸው» አለ ስቴርዮስ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖሊክሴኒ የሰው ሳቅ አልሳቀችም። ከዛፎቹ ሥር ታጥፋ ትውላለች፣ ወሬ ግን የለም። አበልጇ አሲሞ፣ ስቴርዮስን ክርስትና ያነሳችው ጎረቤቷ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይታረማል?» እያለች ታለቅሳለች፤ እንደ ማጽናናት መሆኑ ነው።

በዚሁ ሰሞን ነበር ቴአኖ የምትባል ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ከላሪሳ ወደ ጤና ጣቢያችን የመጣችው። የምትፈልገው ደግሞ ሕመምተኛ ሳይሆን ጤነኛ ነው። ሥራዋ የጤነኛ ሰው ወገብ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ስንት እንደሚሄድ መለካት ነበር። ለምን ብለው ሲጠይቋት፣ «ሙሉውን ዳቦ ሳላየው ስንቱ እንደተቆረሰ በምን አውቃለሁ? የታመመው ወገብ ምን ያህል እንደጎደለበት የማውቀው ጤነኛውን ሳውቅ ነው» አለች። ካህኑም ከቅዳሴ በኋላ አወጁላት፤ ወገቡን የማያመው ጎልማሳና አዛውንት ሁሉ ጤና ጣቢያ ይምጣ።

ሰው ጎረፈ። መለካት የማይወድ ማን አለ። የቴአኖ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «ወገብዎን ያምዎታል?» የሚል ነበር።

እንግዲህ ምን ይበሏት?

«ያመኛል እንጂ፣ ምነው አያመኝ» ይላል ሁሉም ተራ በተራ። ያመኛል ያለ ደግሞ አይለካም፤ ሕጉ ነው። እያመሰገነች ትሸኛቸዋለች፤ እነሱም እየተቀየሙ ይወጣሉ። አሲሞ «ጤነኛ አይደለሽም ብላ መለሰችኝ፣ እኔን!» እያለች መንደሩን አዳረሰች። በማግስቱ ቴአኖ በመንገዱ ስታልፍ አሲሞ ለውዝ ዛፍ ላይ ወጥታ በዱላ ታራግፋለች።

«ኪራ አሲሞ፣ ወገብዎ እንዴት ሆነ?» አለቻት ቴአኖ ከሥር ቆማ፤ ኪራ እኛ ዘንድ እመት እንደ ማለት ነው።

«ኧረ ተይኝ ልጄ፣ ቆርጦ ሊጥለኝ ነው» አለች አሲሞ ከጫፉ ላይ።

ቴአኖ ምን ታድርግ? የገዛ አያቷም እንዲሁ ናቸውና ነገሩ አይጠፋትም፤ ግን ያልተባለውን እንደተባለ አድርጋ መያዝ አትችልም። ይህን ሁሉ አሲሞ በአጥሩ ላይ ስትተርክ ፖሊክሴኒ ታጥፋ ትሰማ ነበር። ቀና አለች። ይቺ ልጅ ለክታኝ ለስቴርዮስ ብትነግርልኝስ? የእናቱን አፍ ባያምን የሐኪም ሜትር ያምናል። እጇን ታጥባ፣ የእሁድ ሹራቧን ለብሳ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደች።

ቴአኖ ወንበር ሰጠቻት።

«ወገብዎን ያምዎታል ኪራ ፖሊክሴኒ?»

«እንደ ሰው ነው።»

«ሰው እንዴት ነው?»

«ያመዋላ።»

«እርስዎንስ?»

«አንቺ ስታዪኝ ምን እመስላለሁ?»

«እኔ የሚመስለኝ አይቆጠርም። ከአፍዎ ነው የምፈልገው።»

ፖሊክሴኒ ቅንድቧን ወደ ላይ ሰቅላ ምላሷን ጧ አደረገች። እኛ ዘንድ አይ ማለት ነው።

«ይኼም አይቆጠርም» አለች ቴአኖ፤ ሳቋ ግን ሊያመልጣት ደርሶ ነበር።

«መስኮቱን ዝጊው እንግዲያ።»

ቴአኖ ዘጋችው። ፖሊክሴኒ በሩንም አየችው፣ እሱም ተዘጋ። ከዚያ የጠረጴዛውን እንጨት በአንድ እጇ ጨብጣ፣ እንደ ሌባ በሹክሹክታ «አያመኝም» አለች። ወዲያው ወደ ብብቷ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አለች። ጣሪያው አልወደቀም። ጥቂት ጠበቀችና እንደገና፣ «አሞኝ አያውቅም» አለች። ከዚህ በኋላ ማን ያቁማት፤ ትምባሆ ስትተክል አላመማትም፣ ስቴርዮስን ስታረግዝ አላመማትም፣ ቫዮስን ከአልጋ እያነሳች ስታስታምም አላመማትም። ቦዩ እንደተከፈተለት ውሃ ሄደች።

«ይበቃል ይበቃል» አለች ቴአኖ። «አሁን ያንን መቀነት ይፍቱት።»

ከሹራቡ ሥር ነፋስ እንዳይመታት የምትጠመጥመው የሱፍ መቀነት ነበር። ተፈታ። ቴአኖ በጣቷ ዳብሳ ከዳሌዋ በላይ ያሉትን ሁለት ጎድጓዶች አገኘች፤ ከመሀላቸው ትንሽ ዝቅ ብላ አንድ ነጥብ፣ ወደ ላይ ደግሞ ግማሽ ስንዝር ግድም ሄዳ ሌላ ነጥብ በእስክሪብቶ አደረገች። በሁለቱ መሀል ሜትሩን ዘረጋችው፤ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ነው።

«ጉልበትዎን ሳያጥፉ የቻሉትን ያህል ጎንበስ ይበሉልኝ።»

ፖሊክሴኒ እጥፍ አለች። መዳፎቿ ወለሉ ላይ ተነጠፉ። ጀርባዋ እንደ ቅስት ሞላ፣ ነጥቦቹም ተራራቁ። ቴአኖ ሜትሩን አየችው፣ ሜትሩን ገልብጣ እንደገና አየችው።

«ይቆዩልኝ አንዴ።»

«እቆያለሁ። ልጄ፣ ከአልጋው ሥር አልተጠረገም እኮ» አለች ፖሊክሴኒ ከታች።

«ሃያ ሁለት አለፈ። ሰባት ሴንቲሜትር ተሳበ። የእኔ እንኳ ይህን ያህል አይሄድም።» ወደ ኋላም ወደ ጎንም ለካቻት፤ ሁሉም እንደዚያው ነው። «እንዲህ ያለ ወገብ ይዘው ነው በየቀኑ ገደለኝ የሚሉት?»

ፖሊክሴኒ ሹራቧን እየጎተተች አፈረችም፣ ደስም አላት። «እንግዲህ ይህንን ለስቴርዮስ ንገሪልኝ» አለችና የመጣችበትን ሁሉ ዘረገፈችው፤ አራተኛ ፎቁን፣ በሶብላውን፣ ገዢውን።

ቴአኖ አዘነች። «አልችልም ኪራ ፖሊክሴኒ። እዚህ የተለካ የእርስዎ ነው፤ ለልጅም አልናገር። እርስዎ ራስዎ ይንገሩት።»

«እኔ ራሴ? ጮክ ብዬ?»

«ለእኔ ብለውታል አይደል?»

«መስኮቱ ተዘግቶ ነዋ።»

ወደ ቤቷ የተመለሰችው እንቁላል በጭንቅላቷ ተሸክማ እንደምትሄድ ሰው ነው። ተናግራዋለች። ያለችውን ሰው ባይሰማው እንኳ ዓይን ሰምቶት ይሆናል። ስለዚህ መጠንቀቅ አለባት፤ ጎንበስ አላለችም፣ ባልዲ አላነሳችም፣ ጫማዋን እንኳ በእግሯ ጣት ነው የሳበችው። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋ ልትነሳ ስትል ወገቧ እንጨት ሆኖ ጠበቃት። እውነተኛ ሕመም። እንዲህ ያለ ነገር አይታ ስለማታውቅ መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰላት።

አሲሞ ተጠራች። ውሃ በሰሃን አድርጋ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ እያንሾካሾከች ጸለየች፤ መንጋጋዋ እስኪላቀቅ አዛጋች። ማዛጋቷ ደግሞ ዓይን መኖሩን ያሳያል።

«የት ነው ያወራሽው?» አለቻት።

«ጤና ጣቢያ።»

«መስኮቱ?»

«ዝግ ነበር።»

«የቁልፉ ቀዳዳስ?»

ስቴርዮስና ገዢው የሚመጡበት እሁድ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ወገቧ ደግሞ አሁን የምሩን ታሟል። ስቴርዮስ እውነተኛ ሆነ፣ እሷ ውሸታም። ግድግዳ እየያዘች ጤና ጣቢያ ደረሰች።

«ሰርዢልኝ» አለቻት ቴአኖን። «ያመኛል፣ ይኸው። ቃሌን መልሺልኝ።»

ቴአኖ አስተኝታ ዳበሰቻትና ጠየቀች፤ «ለመጨረሻ ጊዜ ጎንበስ ያሉት መቼ ነው?»

«አንቺ ስትለኪኝ።»

«ከዚያ ወዲህ አላረሙም?»

«ፈርቼ ነዋ።»

«ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲታጠፍ የኖረ ወገብ ሦስት ቀን እንደ ሐውልት ቢያቆሙት ምን ያድርግ? ይሂዱና ያርሙ። ቀስ ብለው ይጀምሩ እንጂ ያርሙ።»

ፖሊክሴኒ አላመነችም፤ ግን ሐኪም ያዘዘው ነውና ሄደች። መጀመሪያ እስከ ጉልበቷ፣ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚቷ። ከመጀመሪያዎቹ ዛፎች ሥር እያቃሰተች፣ ከመሀለኞቹ ሥር እየተሳደበች፣ ከአጥሩ ጥግ ስትደርስ ታጥፋ ለራሷ እያንጎራጎረች ነበር። አሲሞ ዘይቴ ነው ያዳናት ትላለች። ይሁንላት።

እሁድ መጣ። ስቴርዮስ ከቅዳሴ ሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ገዢው ከምሳ በኋላ ይመጣል። አሲሞ ጓሮ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሻንጣው በሩ ላይ ቆሟል፣ ባዶውን።

«እማዬ፣ አልሰበሰብሽም እንዴ?»

«ቁጭ በል።» እሷ ግን ቆማ ቀረች። እጇ የፖሙን ግንድ ይዟል። ሰማዩ ክፍት፣ አጥሩ ክፍት፣ መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፤ የሚዘጋ መስኮት የለም። «ወገቤን አያመኝም» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ከአሲሞ እጅ ባቄላው ወደቀ። «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። ምን ነካሽ አበልጄ?»

«አሞኝም አያውቅም። ይህን ሰሞን ብቻ ነው፣ እሱም በፍርሃት ነው፣ ለቀቀኝ።»

ስቴርዮስ እናቱን አያት፤ ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ ለማወቅ ያስቸግራል። «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት በስልክ ስትነግሪኝ የኖርሽው ምንድን ነበር?»

«ሰላምታ ነበር።»

«ሰላምታ?»

«ደህና ነኝ ማለቴ ነበር፤ ሰው ሌላ እንዴት ብሎ ይመልሳል? ላሪሳ ገብተህ ቋንቋችን ጠፋህ እንዴ?»

ስቴርዮስ ወደ ክርስትና እናቱ ዞረ። «ኖና፣ የአንቺ ወገብስ?»

«የኔ የምር ነው» አለች አሲሞ። ቆይታ ደግሞ፣ «አንዳንድ ቀን» አለች።

እሱ ግን ገና አላመነም። ሸክም እንዳትሆንበት ብላ ነው የሚለው ሐሳብ ፊቱ ላይ ተጽፎ ይታያል። ፖሊክሴኒ ይህን ስታይ አልተከራከረችም። ቤት ገብታ የስፌት ሜትሯንና እስክሪብቶ ይዛ ወጣች፣ ለአሲሞ ሰጠቻት፣ ጎድጓዶቹን በገዛ ጣቷ አሳየቻት። አሲሞ እንደ ቄስ ኮስተር ብላ ነጥቦቹን አደረገች፣ ለካች። ፖሊክሴኒ ታጠፈች። ሃያ ሁለት።

«አሁን አንተ» አለችው እናቱ ከታች ሆና።

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ጤነኛ ነህ አይደል? ሸሚዝህን አንሳ።»

አነሳ። አሲሞ ነጥቦቹን አደረገች። ስቴርዮስ ጎንበስ አለ፤ ጣቶቹ ጉልበቱ ጋ ደርሰው ቆሙ። ትንሽ ገፋ፣ ፊቱ ቀላ፣ ጉልበቱ ሊታጠፍ ሲል እናቱ በጥፊ መለሰችው። ሜትሩ ከአሥራ ስምንት ብዙም አላለፈ።

«በጥምቀትህ ቀን እንደ ዓሣ እየተገለባበጥክ አስቸገርከን እኮ» አለች አሲሞ። «ይህ ጣውላ ከየት መጣ?»

ስቴርዮስ እንደ ጎበጠ ሳቅ ያዘው፤ ሲስቅ ደግሞ ቀና ማለት አቃተው። እናቱ አንድ እጇን ሆዱ ላይ፣ አንዱን ጀርባው ላይ አድርጋ እንደ በር አቃናችው። ከዚያ በኋላ ነው ሳቁ ያለቀውና ድምፁ የተለወጠው።

«እኔ እኮ እማዬ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ወደቀች ሊሉኝ ነው እያልኩ ነው የማነሳው።»

ፖሊክሴኒ ይህን አላወቀችም ነበር። ዓይን እንዳይበላት ብላ የወረወረችው ቃል በየምሽቱ ላሪሳ እየደረሰ ልጇን ሲበላው ኖሯል። አንገቱን ይዛ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አደረገችው፤ ለመድረስ እሱ ነበር ጎንበስ ማለት ያለበት፣ አሁን ደግሞ አልከበደውም።

«ከእንግዲህ ስጠይቅሽ እውነቱን ንገሪኝ» አለ እዚያው እንዳለ።

«በስልክ ከሆነ እሞክራለሁ። ዓይን በስልክ የሚሄድ አይመስለኝም።»

«ማን ያውቃል» አለች አሲሞ፣ ባቄላዋን እየለቀመች።

ስቴርዮስ ለገዢው ደወለ። ንግግሩ አጭር ነበር፤ ሰውየው ተቆጥቶ ነው መሰለኝ ስልኩን ትንሽ ከጆሮው አራቀው። ከዚያ ሻንጣውን ራሱ ይዞ ገባ። ምሳ ላይ ደግሞ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ፖም ሊለቅም ቃል ገባ፤ ከታችኛው ቅርንጫፍ ሳይሆን ከወደቀው፣ ጎንበስ እያለ። እናቱ ናት እንደዚያ ያለችው።

ምሽቱንም ላሪሳ ሲደርስ ደወለ አሉ። «እንዴት ነሽ?» ብትባል ፖሊክሴኒ እጇን አፏ ላይ ከልላ፣ «ደህና ነኝ» ብላ ሹክ አለችው፤ ወዲያው ደግሞ «አንተስ?» ስትለው «ወገቤ» አለ። እሱስ የምሩን ነው።

ይኸው ነው። አሁን ግን ልሂድ፣ ማሸጊያው ዘንድ ገና አልተሰማም። ላሪሳ ገባች ብለው ቦታዋን ዛሬ ለሌላ ሴት ሊሰጡት ነው፤ እሷ እንደሆነች ከፖም ሥር ታጥፋለች፣ ትዝም አላላት። ሴቶቹ ለምሳ ሳይበተኑ ብሮጥ እደርሳለሁ።